«ሲስተም የለም» ነው ወይስ ኃላፊ የለም?

በዚህ አገር የመንግሥት ቢሮ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው ካለ እድለኛ ነውና እጁን ያውጣና እንየው! ለሌሎቻችን ግን ከመስኮቱ ኋላ የምትወረወረዋን ቃል ማስተዋወቅ አያስፈልግም። «ሲስተም የለም!» አለቀ። ይግባኝ የላት፣ ማብራሪያ የላት፣ ቀጠሮ የላት።

ድሮ እንኳ «ነገ ተመለስ» ሲሉን ነገ የሚባል ቀን ነበር። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲሉን የሚወጡበትን በር ይዘን መቆም እንችል ነበር። «መዝገቡ አልተገኘም» ሲሉን ደግሞ መዝገብ ቤት ያሉትን ሰውዬ በስማቸው ጠርተን፣ «ኧረ ጋሼ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ አንድ ጊዜ ፈልጉልኝ» ብለን እንለምናቸው ነበር። ሲስተም ግን አይለመንም። ስም የለው፣ ወንበር የለው፣ ልጆች የሉት፣ ሻይ አይጋበዝ። ለሹሞቻችን እንደ ሲስተም ያለ ጥሩ ጓደኛ ከየት ይገኛል? ጥፋቱን ሁሉ ይሸከማል፣ አፉን ከፍቶም አይናገርም።

አንዳንዱ ወገኔማ ሲስተምን እንደ ዝናብ ነው የሚያየው። «ዛሬ ሲስተም አለ?» «የለም።» «መቼ ይመጣል?» «እሱ እግዜር ነው የሚያውቀው።» ጎበዝ! እግዜር በዚህ ነገር ውስጥ እጁ የለበትም። ሲስተም የሰው እጅ ሥራ ነው። የገዛው ሰው አለ፤ የሚነካካው ሰው አለ፤ «ንካው» ብሎ ያዘዘ ሰው አለ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ሰው ነው።

እኔ የኮምፒዩተር ሊቅ አይደለሁም። ኮሌጅ ገብቼ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዲፕሎማ ይዣለሁ፤ እንጀራዬ ግን ከዚህም ከዚያም ጋዜጣ የምለቃቅመው የብዕር እንጀራ ነው። ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ ዲፕሎማም አያስፈልግም፤ የጓዳዋን ቁልፍ የምትይዝ ማንኛዋም የቤት እመቤት ትረዳዋለች።

ሰርቨር ማለት በየመስኮቱ ያሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚጠይቁት አንድ መዝገብ ቤት ነው። በውስጡ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው መዝገቡ ራሱ ነው፤ የእናንተ ካርታ፣ የእናንተ ግብር፣ የልጆቻችሁ ልደት። ሁለተኛው መዝገብ ቤቱን የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ የትኛው ፋይል በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚያውቀው ሠራተኛ ነው። ይሄ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ሠራተኛው ያረጃል። ሠሪዎቹ ለስንት ዓመት እንደሚጠግኑት አስቀድመው ይናገራሉ፤ ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንለት የለም። ስለዚህ በአዲስ መተካት ወይም ማሻሻል /በእነሱ አነጋገር አፕግሬድ ማድረግ/ ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ጠብ የለኝም።

ማሻሻሉ ደግሞ አንዳንዴ ይከሽፋል። በአሜሪካም ይከሽፋል፣ በእንግሊዝም ይከሽፋል። በዚህም ላይ ጠብ የለኝም። ጠቤ ያለው ከከሸፈ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ላይ ነው፤ በእነዚያ ሰዓታት ማን ምን አለ? ማን ማንን ዝም አሰኘ?

ቅዳሜ የተጀመረ ጉድ

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ አልናገርም። እናቴን አስከትዬ በአንድ የቤት ፋይል ጉዳይ ለወራት ስመላለስበት ከዘበኛው ጀምሮ እስከ መዝገብ ቤት ከሰው ሁሉ ጋር ተዋውቄአለሁ። በረንዳው ላይ የቆመ ሰው ብዙ ይሰማል።

የዚህ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ሴንት ኦኤስ 7 በሚባል በነጻ በሚገኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነበር የሚሠራው። ሴንት ኦኤስ 7 እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቶ ጥገናው የቆመው ጁን 30 ቀን 2024 ነው፤ በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ይህ ቀን ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም፤ ከዓመታት በፊት ለዓለም ሁሉ የተነገረ ነው። የእኛ ሰዎች የነቁት ግን ቀኑ ካለፈ ከዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነበር። ያነቃቸውም የሌባው ቀዳዳ አልነበረም። የዓመቱ ሪፖርት ነው! «ሰርቨራችን ተሻሽሏል» የምትል አንዲት መስመር ሪፖርቱ ላይ መግባት ነበረባት።

የኮምፒዩተር ክፍሉ ልጅ /አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ ክፍል የሚሉት እሱን ነው/ ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠየቀ። አንድ፣ ማሻሻያውን አስቀድሞ የሚሞክርበት ሌላ ማሽን፤ አሮጌም ቢሆን ግድ የለም። ሁለት፣ የመረጃው ቅጂ ከሰርቨሩ ውጪ የሚቀመጥበት አንድ ዲስክ። ደብዳቤውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። በኅዳጉ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «በጀት ተዘግቷል፤ ባለው ይሠራ» የሚል ተጽፎበታል። ፊርማም አለው።

ባለው ተሠራ።

አሁን ልብ በሉልኝ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከሴንት ኦኤስ 7 ወደ ሮኪ ሊኑክስ 8 የሚያሻግረው መሣሪያ ዘሎ አይገባም። አስቀድሞ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ይፈትሽና ሪፖርት ይጽፋል። አደጋ ካየ «ይሄ ሳይስተካከል አልሄድም» ብሎ ይቆማል። ከአንዳንድ ሹሞቻችን ይልቅ ይሉኝታ አለው ማለት ነው። በዚያ ሰርቨር ላይም ቆመ። ምክንያቱም የዲስኮቹ መቆጣጠሪያ ካርድ አሮጌ ነበር፤ አዲሱ ሥርዓት ደግሞ ያንን ካርድ አያውቀውም። ሮኪ የተቀዳው ከሬድ ሃት ነው። ሬድ ሃት ስምንተኛውን ዕትም እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያወጣ የበርካታ አሮጌ የዲስክ መቆጣጠሪያ ካርዶችን ድጋፍ እንዳነሣ በሰነዱ ዘርዝሮ ጽፎታል። ማንም ገልጦ የሚያነበው ሰነድ ነው።

ልጁ አነበበው። ወደ ላይም ይዞት ወጣ። ያገኘው መልስ «አንተ ሁልጊዜ ችግር ነው የምታወራው!» የሚል ነበር። ክልከላውን በጉልበት የሚሻገሩበት ብልሃት አለ፤ ያ ብልሃት የተቀመጠው ግን መሣሪያውን ለሚሠሩ ሰዎች መሞከሪያ እንጂ የሕዝብ መዝገብ ለተሸከመ ማሽን አይደለም። እንዲሻገር ታዘዘ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሻገረ። እሑድ ጧት ማሽኑ ተነሣ፣ ዲስኩን ፈለገ፣ ጠበቀ፣ ደጋግሞ ፈለገ። በመጨረሻ ጥቁር ስክሪን ላይ ይሄ ይሄ ዲስክ የለም ብሎ ቁጭ አለ።

ማሽኑ እውነቱን ነው የተናገረው። የጎደለውን ነገር በስሙ ጠርቶ ነው የተናገረው። ሰኞ ጧት በመስኮቱ በኩል ወደ እኛ ሲደርስ ግን ያቺው የለመድናት ሆነች፤ «ሲስተም የለም!»

ሕመሙ ያልገደለውን ሐኪሙ ገደለው

አንባቢ ሆይ፤ እስከዚህ ድረስ አንድም ፋይል አልጠፋም። ይህን ደግሜ ልበለው፤ አንድም ፋይል አልጠፋም! የእናንተ ካርታ፣ የእናቴ ማመልከቻ፣ የዚያ ከዘራ ይዘው በየቀኑ ይመጡ የነበሩ አባት የውርስ ወረቀት፣ ሁሉም ዲስኩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። የጠፋው ቁልፉ ነው፤ ጎተራው ሙሉ ነው።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ነገሩ የሚያስቅ ያህል ቀላል ነው። የድሮው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያንን አሮጌ ካርድ ያውቀዋል አይደል? የሴንት ኦኤስ 7 መጫኛ ዲስክ ወይም ፍላሽ ማሽኑ ላይ ይሰካል፤ «አዲስ ጫን» በሚለው ሳይሆን «አድን» በሚለው መንገድ ይነሣል፤ ዲስኮቹን ያያቸዋል፤ ፋይሉ በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ማሽኑን መጥበስም ቢፈልጉ ይጥበሱት። ወይም ኢ.ኤል.ሬፖ የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ሬድ ሃት የተዋቸውን የእነዚያን አሮጌ ካርዶች ሾፌሮች /ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያነጋግሩ አስተርጓሚዎች በሏቸው/ አዘጋጅተው በነጻ ያድላሉ፤ ሾፌሩን ጨምሮ የማስነሻ ፋይሉን እንደገና መሥራት ይቻላል። የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ቢበዛ የሁለት። ከባድ ብልሽት ላይ የመጀመሪያው ሕግ ደግሞ በየትም አገር አንድ ነው፤ መረጃው ያለበትን ዲስክ ማንም እንዳይነካው!

ልጁ ይህንኑ ተናገረ። «ሁለት ቀን ስጡኝ፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው» አለ። ኃላፊው ምን አሉ? «ሕዝቡ በር ላይ ነው! እስከ ስምንት ሰዓት ይነሣልኝ!»

እዩልኝ! ሕዝቡ ተቆርቋሪ ያገኘው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለሰባት ወር ደጅ ሲጠና ያልታዘነለት ሕዝብ፣ ሰኞ ጧት ለሰባት ሰዓት እንዳይጠብቅ ታዘነለት። የበላይ አካል ስልክ ደውሎ ኖሯል፤ ጥድፊያው የመጣው ከዚያ ነው።

ከውጭ «ባለሙያ» ተጠራ። ማን እንደጠራው፣ በየትኛው ጨረታ እንደመጣ፣ ስንት እንደተከፈለው የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ አላገኘሁም። ሰውዬው ገባ፤ ማሽኑ ላይ ቆመ፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ የተጻፈውን ሳያነብ ዲስኮቹ የተያያዙበትን ሥርዓት /ሬይድ ይሉታል/ አፍርሶ እንደ አዲስ ሠራው፤ ሌላ ካርድ ጨመረ፤ ባዶ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫነ። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ማሽኑ ተነሣ። «ሲስተም መጣ!» ተባለ። በረንዳው ላይ ያጨበጨበ ሰው ሁሉ ነበር።

መጣ፤ ባዶውን ነበር የመጣው። ጎተራው ተጠርጎ፣ በሩ አዲስ ቁልፍ ተገጥሞለት!

«ባክአፕስ?» ትሉኝ ይሆናል። ነበረ። በየሌሊቱ ራሱን እየገለበጠ የሚያስቀምጥ ነበረ። የሚያስቀምጠው ግን የት ነው? እዚያው ሰርቨር ላይ፣ እዚያው ዲስኮች ላይ! የቤቱን መለዋወጫ ቁልፍ ቤቱ ውስጥ ቆልፎ እንደመውጣት ነው። ልጁ ከሰርቨሩ ውጪ የሚቀመጥ ዲስክ የለመነው ለዚህ ነበር፤ በአረንጓዴ ቀለም የተከለከለውም ይኸው ነው። እንደ ዕድል ሆኖ በጥር ወር ለአንድ ሥልጠና ተብሎ የተገለበጠ ቅጂ በአንዲት ሠራተኛ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ያቺ ሴትዮ ባትኖር የዓመታቱ ሁሉ ቀርቶ ነበር። ሸልሟት የተባለ ግን አልሰማሁም።

ስለዚህ ከጥር እስከ ሐምሌ ያለው ሁሉ ጠፋ። ያ ጊዜ ለመሥሪያ ቤቱ ስድስት ወር ነው፤ ለሰው ግን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እናቴ በግንቦት የአገልግሎት ክፍያ ከፍላ ደረሰኝ ይዛለች። ደረሰኙን ስታሳይ «ሲስተሙ ላይ አይታይም፤ እንደገና ይክፈሉ» ተባለች። «የኔ እመቤት፣ ይሄ ማኅተም የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። «የእኛ ነው እማማ፣ ግን ሲስተሙ አላወቀዎትም።» ባለ ከዘራው አባትማ የባሰባቸው ናቸው። ዋናውን ሰነድ «ስካን ተደርጓል» ብለው መልሰውላቸው ኖሮ፣ ከአገር ቤት ሦስት ምስክር እንደገና ይዘው እንዲመጡ ተጠየቁ። ከሦስቱ አንዱ በዚያው ዓመት ፋሲካ ሰሞን አርፈዋል። አሁን ሙት ማን ይጥራ?

ቅጣቱስ በማን ላይ አረፈ? አትድከሙ፤ አውቃችሁታል። አህያውን ቢፈሩ ዳውላውን መቱ! ልጁ «በቸልተኝነት» ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የደመወዝ ቅጣት ተሰጠው። የአረንጓዴ ቀለሙ ባለቤት ሪፖርታቸውን አቀረቡ። ሪፖርቱ ላይ «ሰርቨራችን ተሻሽሏል» የምትለዋ መስመር አለች። ውሸት ነው ለማለትም አይመችም፤ ተሻሽሏል እኮ!

በሩ ላይ የማን ፎቶ ይለጠፍ?

«አንተ አንድ ትንሽ ቢሮ ይዘህ አገር ታማለህ» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፤ ወደ ትልቁ እንሂድ።

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም.፣ ዓርብ ለቅዳሜ ሌሊት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ ላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ ተማሪው በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። ብሔራዊ ባንክም ነገሩ በሲስተሙ ላይ ሲካሄድ ከነበረ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። ይኸው ነው እንግዲህ፤ የተነካ ነገር ነበረ፤ ሲነካም ተበላሸ። ያለአግባብ ወጣ የተባለው ገንዘብ 801.4 ሚሊዮን ብር ነው። ባንኩ እንዳስታወቀው በጉዳዩ ከገቡት 15,008 ሰዎች 9,281ዱ ሙሉ በሙሉ፣ 5,160ዎቹ በከፊል መለሱ፤ 567ቱ ምንም አልመለሱም። ከጠቅላላው ወደ 623 ሚሊዮን ብር ገደማ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመለሰ። ያልመለሱት ስማቸውና ፎቷቸው በየቅርንጫፉ በር ላይ ተለጠፈ።

የሰው ገንዘብ የወሰደ ይመልስ፤ ለእሱ ጥብቅና አልቆምም። «ሲስተሙ ሰጠኝ» የሚል ሌባ «ሲስተም የለም» ከሚለው ሹም ምን ይለያል? ሁለቱም ሲስተምን ምሽግ ያደረጉ ናቸው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ በዚያ ሰሞን በየቅርንጫፉ በር ላይ የተማሪ ፎቶ አይቻለሁ። ያን ሌሊት ሥራው ይሠራ ብሎ የፈረመ ኃላፊ ፎቶ ግን አላየሁም። ስንት ሰዓት ላይ ማን እንደነቃ፣ የማቆሚያው ቁልፍ በማን እጅ እንደነበር፣ ከመነካቱ በፊት የት ላይ እንደተሞከረ ዘርዝሮ የሚያስረዳ ወረቀትም በር ላይ ተለጥፎ አላየሁም። የተለጠፈው የዳውላው ፎቶ ነው።

ወደ ውጭ አገር የምሄደው ፈረንጅ ለማምለክ አይደለም። ግን ንጽጽሩ ስለሚያስፈልግ ነው። በእንግሊዝ አገር ቲ.ኤስ.ቢ. የሚባል ባንክ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 የ5.2 ሚሊዮን ደንበኞቹን መረጃ ከአሮጌው ሲስተም ወደ አዲሱ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ጠቅልሎ አሻገረ። ሰኞ ጧት ጉድ ፈላ! ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ሂሳቡን መክፈት አቃተው፤ አንዳንዱ የሌላ ሰው ሂሳብ ታየው። ባንኩ ወደ ቦታው የተመለሰው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። እስከዚህ ድረስ ከእኛ አይሻሉም።

የሚሻሉት ከዚህ በኋላ ነው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የውጭ የሕግ ድርጅት መርምሮ ያገኘው ሪፖርት በ2019 በአደባባይ ወጣ፤ ሲስተሙ ዝግጁ ሳይሆን መሻገሩን፣ ቦርዱም መጠየቅ የነበረበትን ሳይጠይቅ መቅረቱን ማንም እንዲያነበው ሆነ። በ2022 ዲሴምበር ባንኩ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ፤ ለደንበኞቹም 32.7 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ከፍሎ ነበር። በ2023 ደግሞ የኮምፒዩተር ዘርፉ ዋና ኃላፊ የነበሩት ካርሎስ አባርካ ከገዛ ኪሳቸው 81,620 ፓውንድ እንዲከፍሉ ተቀጡ። በስማቸው! ሌሊቱን ሲያድር የነበረው ባለ ኪቦርድ ልጅ አይደለም የተቀጣው። «ዝግጁ ነው» ብለው ያረጋገጡት ኃላፊ ናቸው።

/ያው እንግሊዝ ግን ንጹሕ እንዳይመስላችሁ። ሆራይዘን በተባለ የፖስታ ቤት ኮምፒዩተር ስህተት ሳቢያ ከ900 በላይ ትንንሽ የፖስታ ቤት ኃላፊዎች «ሌቦች» ተብለው ተፈርዶባቸዋል፤ እስር ቤት የገቡም አሉ። «ሲስተም አይሳሳትም» ብለው ነው የፈረዱባቸው። እውነቱ ወጥቶ ፍርዱ በሕግ እስኪሻርላቸው ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። ትልቁን ትቶ ትንሹን መምታት የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም ማለቴ ነው።/

ደግሞ አንድ የለመድነው መልስ አለ። «እኛ ድሃ አገር ነን፤ የአቅም ውስንነት አለብን፤ የውጭ ምንዛሪ የለም።» አይ! ይቺን እንኳ ተዉአት። ሮኪ ሊኑክስ በነጻ ነው። የመፈተሻ መሣሪያው በነጻ ነው። የኢ.ኤል.ሬፖ ሾፌር በነጻ ነው። ሪፖርት ማንበብ በነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቀው አንድ ከሰርቨሩ ውጪ የሚቀመጥ ዲስክ ነው፤ ዋጋው ለአንድ «የግንዛቤ ማስጨበጫ» ስብሰባ ከሚወጣው የውሃ፣ የቆሎና የአበል ወጪ አይበልጥም። መሞከሪያ ማሽኑም ቢሆን ግዢ አያስፈልገውም፤ የየመሥሪያ ቤቱን ዕቃ ግምጃ ቤት ክፈቱና እዩ፤ «ይወገድ» ተብሎ አቧራ የለበሰ ስንት ኮምፒዩተር አለ! የጎደለው ዶላር ሳይሆን «ሁለት ቀን እንጠብቅ» የሚል ወኔ ያለው ሹም ነው። ሹሙም እንዳይፈረድበት፣ ከበላዩ ያለው «ለምን ቆመ?» ብሎ እንጂ «ለምን ጠፋ?» ብሎ አይገመግመውም።

ለአይቲ ልጆችም አንድ ቃል አለኝ። ደብዳቤ መጻፉን አትተዉ። የዚያ ልጅ ደብዳቤ ባይኖር ኖሮ እኔም ይህን መጻፍ አልችልም ነበር። በቃል የታዘዛችሁትን በጽሑፍ ጠይቁ፤ አረንጓዴው ቀለም ይውጣ። ቅጂ አስቀምጡ፤ ሰርቨሩ ላይ ግን እንዳይሆን!

ሕጉስ? ሕግማ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ሰንብቷል። የሰውን መረጃ የያዘ አካል መረጃው በአጋጣሚ እንኳ እንዳይጠፋና እንዳይወድም የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የእናቴ ማመልከቻ የግል መረጃ ነው። የእነዚያ አባት ውርስ የግል መረጃ ነው። አዋጁ «በጀት ተዘግቷል» የሚል ሰበብ አያውቅም።

እንግዲህ ስሙን ያልጠቀስኩት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጋዜጣ እንደሚያነቡ አውቃለሁ፤ አዟሪው ነግሮኛል። ጥቂት ጥያቄ አለኝ። በደብዳቤው ኅዳግ ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው ወይስ አይደለም? የመፈተሻውን ቀይ ሪፖርት አንብበውት ነበር? ከውጭ የመጣውን ሰው ማን ጠራው፣ ስንትስ ተከፈለው? ለጠፋው የስድስት ወር ፋይል ባለጉዳዩ እንደገና የሚከፍለው በየትኛው ደንብ ነው?

የመጨረሻውና የሚያስቸኩለው ደግሞ ይሄ ነው። ሬይዱ ፈርሶ እንደገና የተሠራባቸው ዲስኮች የት ናቸው? እንዲህ የጠፋ መረጃ አንዳንዴ በባለሙያ ይወጣል፤ የሚወጣው ግን በላዩ ላይ ሌላ ካልተጻፈበት ነው። ያ ሰርቨር ዛሬም እዚያው ክፍል ውስጥ ይሠራል፤ ከበረንዳው ሆኜ ድምፁን እሰማዋለሁ። በዚያው ዲስክ ላይ ከሆነ የሚጽፈው፣ መስኮቱ ላይ አንድ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ከሥሩ አንድ የጠፋ ፋይል ለዘላለም እየሞተ ነው። ዲስኮቹን ነገ አስወጥተው ለባለሙያ ይሰጧቸዋል ወይስ አይሰጧቸውም?